ዱቄት ይከመራል፣ ወተት አይከመርም

እህቴ ከቤሩት ስትመለስ ቤተ ዘመዱ የጠበቀው ወርቅ ነበር። ሻንጣዋ ቢቸና እናታችን ቤት መደብ ላይ ተዘርግቶ ሲከፈት አክስቴ አንገቷን አስግጋ ቀረበች። ከልብሱ መሐል በፎጣ ተጠቅልሎ የወጣው ግን ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ በባትሪ የሚሠራ የኩሽና ሚዛን ነበር። አክስቴ አገላብጣ አየችውና "ይህ ደግሞ ምኑ ነው?" አለች። "ዱቄት መመዘኛ ነው" አለች እህቴ። አክስቴ ሚዛኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ቤሩት ማንም ምንም አልጠየቃትም።

አክስቴ ላይ አልፈርድም። እኛ አገር ዱቄት የሚሰፈር እንጂ የሚመዘን ነገር አይደለም። የሚሰፈረውም በጣሳ ነው፤ ጣሳው ደግሞ ይከመራል። የቢቸና ገበያ ላይ አንዷ ሴት እህል ስትሸጥ እስኪፈስ ድረስ ትከምረዋለች፣ የፈሰሰውን ትተወዋለች፣ ከዚያ በላዩ አንድ እፍኝ ምራቂ ትጨምራለች። ጣሳው አፍ ላይ መዳፉን አሳልፎ ልክ በልክ የሚሰፍር ሰው ካለ ስም ይወጣለታል፤ ያ ስም ልጆቹ ለጋብቻ እስኪጠየቁ ድረስ ይከተላቸዋል። በዚህ ዓይነት አገር ግራም የሚቆጥር ዕቃ ይዞ መምጣት ዝምድናን መሞከር ነው።

እህቴ ግን ሚዛኑን ያመጣችው ለሥራ ነው። ቤሩት ከማዳሟ ቤት ልጅ ከማሳደግ፣ ወለል ከመወልወልና ካልሲ ከማጠብ የተረፋትን ጊዜ ኬክ ስትጋግር ነው ያሳለፈችው፤ እጇ ተባርኮ ነበር። ኬክ ቤት ልክፈት ስትል ቢቸና አይሆንም አልን። እዚያ የዓመቱን ግማሽ እንጾማለን፤ በቀረው ግማሽ ደግሞ ጾሙን እንዴት እንደጨረስን እናወራለን። እንቁላልና ቅቤ የገባበት ኬክ ማን ይበላል? ሞጣ ግን ነጋዴዎቹ ሙስሊሞች ጾማችን አይነካቸውም፤ ሠርጋቸውም ከእኛ ቀን መቁጠሪያ ጋር አይጣላም። ስለዚህ ሞጣ ላይ አንድ ጠባብ ሱቅ ተከራየች፤ ከኋላው ምድጃው የቆመበት ክፍል፣ ከጎኑ መኝታ።

እኔ ታላቋ ነኝ። ቢቸና አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ያልተሠራውን ነገር በመቶኛ መግለጽ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቅዳሜ ሁሉ ሚኒባስ ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ እሄዳለሁ፤ እረዳታለሁ ማለቴ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ምክር እሰጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ከሁላችንም ሆድ ውስጥ ነበር። እህቴ ሱቁን ስትከፍት "እስከ ጥምቀት አየዋለሁ። ሥራው ካልያዘ እመለሳለሁ" ብላ ነበር። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅናትም። ማዳሟ እስከ ዛሬ ትደውላለች። "ልጆቹ ናፍቀውሻል" ትላለች፤ ልጆቹ የናፈቃቸው ምን እንደሆነ ማዳሟም አታጣው፣ የታጠበ ካልሲ ነው። እናቴ "እመለሳለሁ" ማለቷን ሰማች። በማግስቱ ጋቢዋን አጣጥፋ፣ በጎቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ "ልጄን ላግዛት ነው" ብላ ሞጣ ገባች። በሕይወቷ ኬክ ቀምሳ የምታውቀው አንዴ ነው፤ "ዳቦ ነው ስኳር የደፉበት" ብላ ትታዋለች።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም መልካም ነበር። እህቴ ሚዛኑን ጠረጴዛ ላይ ታደርጋለች፣ ጎድጓዳ ሳህኑን ትጭናለች፣ ቁጥሩ እስኪሞላ ዱቄቱን በማንኪያ ትነሰንሳለች፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ቁንጥር ትቀንሳለች። ያቺን ቁንጥር ስትቀንስ እናቴ ፊቷን ታዞር ነበር። "ጨምሮ መቀነስ ያስነውራል ልጀ" አለቻት አንድ ቀን። እህቴ ሳቀች። ኬኩም ለስላሳ ነበር፤ ሰውም መምጣት ጀመረ።

ከዚያ የሚዛኑ ባትሪ አለቀ። ባትሪው የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጠፍጣፋ ነገር ናት። ሞጣ ላይ አልተገኘችም። እኔ ቢቸና ፈለግኩ፤ ሰዓት አዳሹ በአጉሊ መነጽሩ ካያት በኋላ "ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ" አለኝ። ከአዲስ አበባ ሰው የሚመጣበትን ቀን ግን እሱም አያውቅም፣ መንገዱም አያውቅም። የግራሙን ስፍር ስልክ ላይ እንዳንፈልግ ኔት ጠፍቶ ነበር። እህቴ የምታውቀው ሁሉ በግራም ነው፤ ይህን ያህል ግራም ዱቄት፣ ያን ያህል ግራም ስኳር። ቤት ውስጥ ያለን መስፈሪያ ደግሞ የእናቴ የድልህ ጣሳ ብቻ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ዕውቀት የተፈለገው። እንዴት እንደኮራሁ አልደብቅም። ስንት ዓመት የሰው ዕቅድ በመቶኛ ስቀይር የኖርኩ ሰው ግራምን ወደ ጣሳ መቀየር ያቅተኛል? ከሱቃችን ፊት ለፊት ስኳርና ጨው የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አሉ፤ መካ ደርሰው የመጡ ናቸው፣ ሁሉም ሀጂ ይላቸዋል። ሁለት ሳህን ያለው የብረት ሚዛን አላቸው። የጠፋችውን የመቶ ግራም ብረት በአሮጌ የባትሪ ድንጋይ ተክተዋታል። እኛን ባትሪ ገድሎን በባትሪ ልንመዘን ሄድን።

ጣሳውን በዱቄት ሞላሁት፣ በቢላ ጀርባ አፉን አስተካከልኩት፣ ተመዘነ፤ ከሩብ ኪሎ ትንሽ አነሰ። ያንኑ ጣሳ በስኳር ሞላሁት፤ ከሩብ ኪሎ አልፎ ወደ ግማሹ መንገድ ጀመረ። በወተት ስሞላው ለግማሽ ኪሎ ጥቂት ቀረው። እናቴ አጠገባችን ቆማ ታይ ነበር።

"ሀጂ፣ ሚዛንዎ ምነው?" አለች።

"ምን ሆነ እሜቴ?"

"ጣሳው አንድ ነው። ዱቄት ሲሆን ይቀላል፣ ስኳር ሲሆን ይከብዳል፣ ወተት ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ያሳዩት እንጂ ለሰው፤ ታሟል።"

ሀጂ ፊታቸው ተለወጠ። "በዚህ ሚዛን የተጣላኝ ሰው የለም" አሉ፤ ብረቶቹን አንድ በአንድ ወደ ሣጥናቸው መለሱ። እኔ መሐል ገብቼ አንድ ጆንያ ጥጥና አንድ ጆንያ ጨው እኩል እንደማይከብዱ ማስረዳት ጀመርኩ። እናቴ "ጨው መክበዱ መቼ ጠፋኝ? ከገበያ የተሸከምኩት እኔ አይደለሁም ወይ?" አለችኝ። ከዚያ ሀጂን ማስቀየሟ ገባትና ወዲያው ሻይ አፍልታ ወሰደችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ለሀጂ የነበራት አክብሮት እጥፍ ሆነ። ይህ አክብሮት ምን ያህል እንደሚጎዳን ያኔ ማን ያውቃል።

የቀየርኩትን ሁሉ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፍኩት፦ ዱቄት ይህን ያህል ጣሳ፣ ስኳር ይህን ያህል፣ ወተት፣ ዘይት። ከሥሩ መስመር አሰመርኩበት። ሥራውንም ተከፋፈሉት። እህቴ እንቁላል ትመታለች፣ ምድጃውን ትጠብቃለች፣ ክሬሙን ትሠራለች፤ እናቴ ትሰፍራለች። መብራት በፈለገው ሰዓት የሚመጣና የሚሄድ ስለሆነ ሲመጣ ሁለቱም ይራወጣሉ። እኔ ወደ መቶኛዬ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ሱቁ አኩርፎ ጠበቀኝ። ጎረቤታችን ያለችው ነርስ፣ እናቴን የደም ግፊቷን በነጻ የምትለካላት፣ ለልጇ ልደት ያዘዘችው ኬክ እንደ ጡብ ወጥቶ ነበር። ነርሷ ደግ ስለሆነች "ጥርስ ያጠነክራል" ብላ ወሰደችው። በዚያው ሳምንት ግን የሱቁ ባለቤት፣ ኪራይ ጨምሩ እያለ በየማለዳው በር የሚያንኳኳው ሰውዬ፣ ያዘዘው ኬክ እንደ ጥጥ ሆኖለት ተመልሶ ሌላ አዘዘ። ሁለተኛውም አማረለት።

ሁሉም ሐኪም ሆነ። እናቴ ዓይን ነው አለች፤ ነርሷ ላይ ሳይሆን ኬኩ ላይ ያረፈ ዓይን። እህቴ ምድጃው ነው አለች። ከደጀን ዱቄት ጭኖ የሚያመጣልን ሾፌር የሞጣ ውሃ ነው አለ፤ ውሃ እንደማንጨምርበት ስንነግረው "እሱ ነዋ ችግሩ" አለ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ እየደለዝኩ ቁጥር አሻሻልኩ። ባሻሻልኩት ቁጥር የወዳጆቻችን ኬክ እየጠነከረ፣ የባለቤቱ እየለሰለሰ ሄደ።

በዚህ መሐል የገና ጾም ገባ፣ የሀጂም ልጅ ሠርግ ቀረበ። የሠርጉን ኬክ ለእህቴ ሊሰጧት ፈለጉ፤ ባለ ብዙ ደርብ፣ ከተማው ሁሉ የሚያየው። ይህ ካማረ ሥራው ያዘ ማለት ነው። ካልሆነ ደግሞ ጥምቀት እየመጣ ነው። አስቀድማ ለሙከራ ትንሽ ኬክ ጋገረችላቸው። እኛ ጾመኞች ነን፣ መቅመስ አንችልም፤ ሳይቀምሱ መሸጥ እንግዲህ የእኛ ንግድ ነው። ኬኩን ሀጂ ቤት ይዘን ሄድን። ባለቤታቸው ቢላውን አሳረፉበት። ቢላው ቆመ። ጫን አሉት።

"ማሻ አላህ" አሉ። "ጠንካራ ነው።"

ሀጂ አንድ ቁራሽ ወስደው ሲያኝኩ ቆዩ። "ለመንገድ ጥሩ ስንቅ ይሆናል" አሉ። ከዚያ የእህቴን ፊት አይተው "ትእዛዙን አልነሳሽም ልጄ፤ የሠርጉ ብቻ እንዲህ እንዳይሆን" አሏት።

እቤት ስንገባ እህቴ በቀጥታ ወደ መኝታዋ አለፈች። ወንበር ላይ ወጥታ ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች፣ አቧራውን ጠረገች፣ አልጋው ሥር አደረገችው። እኔ ፈራሁ። ስትሄድ ያኔ አልፈራሁም ነበር፤ ወጣት ነበረች፣ ሁላችንም የምንበላው ነገር ይኖረናል ብለን ሸኘናት። አሁን ግን ፀጉሯ ላይ ሽበት አይቻለሁ፤ ሄዳ ብትመለስ የምትመለሰው አሮጊት ሆና ነው። እናቴ ሻንጣውን አየችው፣ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ወጡ ግን ቀድሞ ተሠርቶ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአንድ ጫማ ሻጭ ኬክ ይሠራ ነበር። እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አልቆብኝ ዝም ብዬ አያለሁ። እናቴ ጣሳውን አነሳችና ወደ እህቴ ዞር ብላ "ለማን ነው?" አለች።

"ለጫማ ሻጩ" አለች እህቴ እንቁላሉን እየመታች።

እናቴ ትንሽ አሰበች። "ደግ ሰው ነው፤ እናቱን ይጦራል" አለችና ጣሳውን ዱቄቱ ውስጥ ነክራ አወጣችው። አናቱ ላይ ኮረብታ ነበር። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ሲያበቃ አንድ ሙሉ እፍኝ ዘግና "ለበረከት" ብላ ጨመረች። ከዚያ ወተቱን ያዘች። በዚያው ጣሳ ሞላችው፣ እስከ አፉ፣ ጠብታ እስኪቀረው፤ ከዚያ በላይ ግን እንዴት ትከምረው? ወተት አይከመርም። ዘይትም አይከመርም።

"እምየ፣ የሱቁን ባለቤት ኬክ ስትሰፍሪ እንዴት ነው የምትሰፍሪው?" አልኳት።

"ለዚያ ለቆጥቋጣ?" አለች። "ለእሱማ እንደ እሱ ነው።" መዳፏን አየሩ ላይ አሳልፋ አሳየችኝ።

ሳቄ መጣ፤ እያለቀስኩ ሳቅኩ። እህቴ መምቻውን አስቀምጣ እናቴን ታይ ነበር። ነርሷን ወደደቻት፣ ጡብ አበላቻት። ሀጂን አከበረቻቸው፣ ቢላቸውን አቆመች። በከተማው ውስጥ ጥሩ ኬክ የበላው እናቴ የምትጠላው ሰውዬ ብቻ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ዱቄቱ በዛ፣ የሚያርሰው አነሰ፣ ስለዚህ ደረቀ አልኳት። "ታዲያ ምን ላድርግ?" አለች። ልክ በልክ ስፈሪ አልኳት። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ስትቆጣ ድምጿ ዝቅ ይላል።

"ለሀጂ? ለልጃቸው ሠርግ? እጄን በጣሳ አፍ ላይ አሳልፌ? እሜቴ እያሉ ለሚያከብሩኝ ሰው?"

"ሰው የሚያየው ኬኩን ነው እንጂ ዱቄቱን አይደለም።"

"ዱቄቱን የሚያይ አለ" አለች፤ ወደ ላይ ብቻ አመለከተች።

እኔ የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝና መላ አላጣሁም። ክምሩን እንመዝነው፣ ወተቱንም በዚያው ልክ እንጨምር አልኩ። በሀጂ ሚዛን መዘንነው። የወዳጅ ክምር አንድ ነው፣ የጎረቤት ሌላ፣ በጠዋት የተጣሉት ሰው ደግሞ ሌላ። ግድግዳው ላይ ዓምድ ልጨምር ጠመኔ ሳነሳ እህቴ "እባክሽ ተይኝ" አለች። "የሠርጉን አንቺ ትሰፍሪያለሽ። እምየ ትረፍ።" እናቴ ሰማች። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጋቢዋን ደርባ ከደጅ ወጥታ ተቀመጠች። እዚያው ዋለች።

የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት መብራት ነበር። ፈቃድ ወስጄ ከቢቸና መጥቻለሁ። እህቴ እንቁላሉን ሰብራ ጨርሳለች፤ ሻንጣው አልጋው ሥር ነው። እኔ ጣሳውንና ቢላውን ያዝኩ። እናቴ ከደጅ ገባች።

"አምጪው" አለችኝ።

"እምየ..."

"አምጪው አልኩሽ። በሩን ዝጊው። መስኮቱንም።"

ዘጋሁ። እህቴ መምቻውን እንደያዘች ቆመች። እናቴ ጣሳውን ነከረች፤ ኮረብታው ወጣ። ቢላውን አገላበጠች፣ ጀርባውን ጣሳው አፍ ላይ አደረገች፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ አሳለፈችው። ዱቄቱ ሳህን ላይ ወደቀ። "ይቅር በለኝ" አለች በከንፈሯ። ሁለተኛውን ነከረች፣ አሳለፈች፣ "ይቅር በለኝ" አለች። እስከ መጨረሻው ድረስ እንዲሁ ነበር። ሲያበቃ እጇ ልማዱ ሆኖ ወደ ዱቄቱ ሄደና እፍኙን ዘገነ። ያዘችው። መልሳ ለቀቀችው።

እህቴ መምቻውን አኖረችው። "እምየ፣ ግድ የለሽም እኮ፣ እሷ ትሰፍረው ነበር" አለቻት።

"ሥራሽን ሥሪ" አለች እናቴ። ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ወደ እኔ ሰንጠረዥ አዙራ ነበር። "ዱቄት ሰስቼ ልጄ የምትቀርልኝ ከሆነ ልሰስት። ኃጢአቱ የእኔ ነው።"

ከዚያ በኋላ ሁላችንም የየራሳችን ሥራ ነበረን፤ የእኔ ሥራ ጥግ ቆሜ አፍንጫዬን መጥረግ ነበር።

ኬኩ ማማሩን የሰማነው ከሀጂ ባለቤት ነው፤ ጾመኞች ነንና። "ማሻ አላህ" አሉ፤ በዚህ ጊዜ ከኋላው ምንም አልጨመሩም። እናቴ በቢላ የተቆረጠውን ዱቄት ሁሉ ሰብስባ ድፎ ጋግራ ነበር፤ ውሃውን በዓይኗ፣ ዱቄቱን በእጇ። ሠርጉ ሲያልቅ ለሀጂ ቤት ላከችው። "የቀረባችሁ ነው" በይልኝ አለችኝ። ሀጂ ምን ቀረብን ብለው አልጠየቁም፤ ቆርሰው በሉ።

ጥምቀት አለፈ። ሻንጣው አልጋው ሥር ነው፤ የኬክ መጋገሪያ ቅርጾቹ ማስቀመጫ ሆኗል። ማዳሟ ትደውላለች፤ እህቴ እጄ ሊጥ ነው እያለች አታነሳም። ባትሪዋ ከአዲስ አበባ እስከ ዛሬ አልመጣችም። እናቴ ትሰፍራለች። ዛሬም ጣሳውን ስታነሳ ወደ እህቴ ዞር ብላ "ለማን ነው?" ማለቷን አልተወችም። ነርሷ ትዘዘው፣ ሾፌሩ ይዘዘው፣ የሱቁ ባለቤት ይዘዘው፣ እህቴ የምትመልሰው አንድ ነገር ነው።

"ለእኔ ነው እምየ" ትላታለች።

እናቴ ቢላውን ታነሳለች።